ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕት፦ የሸሸው ጳጳስና የተቀደደው ልብስ

ኅዳር 29 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የሚሰማው ታሪክ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ አዲስ አይደለም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ በእስር ቤት ሳለ ጌታን በሕፃን አምሳል ያየዋል። ሕፃኑ የለበሰው ነጭ ልብስ ከላይ እስከ ታች ተቀዷል። «ጌታዬ፣ ልብስህን ማን ቀደደው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አርዮስ ቀደደው» የሚል መልስ ያገኛል። ከዚያም ተተኪዎቹን አኪላስንና እለእስክንድሮስን ለብቻቸው ጠርቶ አርዮስን እንዳይቀበሉት ያስጠነቅቃቸዋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ሰማዕቱ ጳጳስ ጴጥሮስ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፋሺስቶች የረሸኗቸውን አቡነ ጴጥሮስን ነው። የዚህ ጽሑፍ ጴጥሮስ ሌላ ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ1600 ዓመት በላይ አለ። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጴጥሮስ አንገቱ የተቀላው በ311 ነው። አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» ብሎ ያነሣው ክርክር ገሃድ የወጣው ግን ከ318 አካባቢ ጀምሮ በእለእስክንድሮስ ዘመን ሲሆን የኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰበው በ325 ነው። ታዲያ ጴጥሮስ ገና ስላልተነሣ ክርክር እንዴት ፈረደ? ለአማኝ መልሱ ቅርብ ነው፤ ራእይ ማለት ገና ያልመጣውን ማየት ነው። ታሪክ የሚያጠና ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል። ጴጥሮስ በሕይወት ሳለስ ቤተ ክርስቲያኑን የከፈለበት ሰው አልነበረም? ነበረ፤ ስሙ ሜሊጥዮስ ይባላል። ዛሬ ግን ከሊቃውንት በቀር የሚያስታውሰው የለም። የጴጥሮስ ታሪክ እንዴት እንደ ተጻፈ ለመረዳት ሜሊጥዮስ ከታሪኩ ወጥቶ አርዮስ እንዴት እንደ ገባ ማየት ይበቃል።

ስደቱ

ጴጥሮስ ቴዎናስን ተክቶ በመንበረ ማርቆስ የተሾመው በ300 ገደማ ነው፤ ከማርቆስ ወዲህ 17ኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በዘመኑ ይኖር ነበር። ጴጥሮስን በምግባሩና በቅዱሳት መጻሕፍት ዕውቀቱ የጳጳሳት አርአያ ይለዋል። ሰላም ያገኘው ግን ሦስት ዓመት ላልሞላ ጊዜ ብቻ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ቀሪዎቹ ዓመታት ሁሉ የስደት ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 303 የሮማው ንጉሠ ነገሥት የዲዮቅልጥያኖስ ወታደሮች በኒቆምድያ የሚገኘውን ቤተ ክርስቲያን አፈረሱ። የመጀመሪያው አዋጅ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፣ ሹመት ያላቸው ክርስቲያኖች ከማዕረጋቸው እንዲወርዱ የሚያዝ ነበር። ቀጣዩ አዋጅ ካህናትን ወደ ወኅኒ አወረደ። ሦስተኛው የሚሠዉትን ይፈታል፤ በ304 የወጣው አራተኛው ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ አዘዘ።

አዋጁ በግብፅ ተራ ሰው ላይ እንዴት እንደ ደረሰ የሚያሳዩ የፓፒረስ ወረቀቶች ከኦክሲሪንኩስ ፍርስራሽ ተቆፍረው ወጥተዋል። አንዱ የተጻፈው በፌብሩዋሪ 304 ነው። ኪሲስ በምትባል መንደር «ቀድሞ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን» አንባቢ የነበረ ሰው፣ ከጥቂት የናስ ዕቃ በቀር ወርቅም ብርም ልብስም ከብትም ባሪያም እንደሌላት ለባለሥልጣን በመሐላ ያረጋግጣል። ፊርማውን ግን ሌላ ሰው ነው የፈረመለት፤ «ፊደል አያውቅም» ተብሎ። የቤተ ክርስቲያን አንባቢ ፊደል አያውቅም! ምናልባት የሚያነበው ቅብጥኛ ሆኖ ግሪክኛ አይጽፍ ይሆናል፤ ምናልባትም ጣዖት አምላኪ ለሆነ መንግሥት በገዛ እጁ መፈረም አልፈለገም።

ሁለተኛው ኮፕሬስ የሚባል ሰው ለሚስቱ የላከው ደብዳቤ ነው። ለንብረት ሙግት ከቤቱ ርቆ ሄዷል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሁሉ እንዲሠዋ እንደሚገደድ የሰማው እዚያው ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ፈንታ እንዲቀርብ ለወንድሙ ውክልና እንደ ሰጠ ይጽፍላታል። ከዚያ ወደ ቤት ጉዳይ ይመለሳል። ድንጋጤም ስብከትም በደብዳቤው የለም። ሕዝቡ በሰማዕትነትና በክህደት መካከል ሌላ መንገድ እየፈለገ ነበር ማለት ነው። የጴጥሮስ ራስ ምታትም ከዚሁ ጀመረ፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ክዷል ወይስ አልካደም?

የ306ቱ ደብዳቤ

ጴጥሮስ ከእስክንድርያ ወጥቶ ተሸሸገ። ገድሉ በመስጴጦምያ፣ በሶርያ፣ በፍልስጥኤም እንደ ተንከራተተ ይናገራል። ከሞቱ በኋላ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ሥራውን የጻፈውም በዚሁ ዘመን ነው። በ306 ፋሲካ፣ ስደቱ ከተነሣ አራተኛው ፋሲካ ላይ፣ ስለ ወደቁት ሰዎች ቀኖና የሚደነግግ ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለ። በ692 የቁስጥንጥንያው ጉባኤ ለቤተ ክርስቲያን ሕግ ከሆኑት የአበው ደብዳቤዎች ጋር ቆጥሮታል።

ጴጥሮስ «የካደ ሁሉ አንድ ነው» አይልም። እያንዳንዱ ሰው እንዴት እንደ ወደቀ ይጠይቃል። ከብዙ ሥቃይ በኋላ ሥጋው ደክሞት የወደቀ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሦስት ዓመት ሲያለቅስ ቆይቷልና አርባ ቀን ጨምሮ ጾሞ ይቀበሉት። ሳይገረፍ በወኅኒ ጨለማና ግማት ብቻ የተሸነፈው አንድ ዓመት ይጨመርበታል። ምንም ሳይደርስበት በፍርሃት ብቻ ሮጦ የሠዋ ደግሞ አለ። ለእርሱ ጴጥሮስ ፍሬ ያጣችውን የበለስ ምሳሌ ያነሣል። በወንጌል ባለቤቱ ሦስት ዓመት ጠብቆ ሊቆርጣት ሲል ሠራተኛው አንድ ዓመት ጨምርላት ብሎ ይለምናል፤ እንዲሁ የዚህ ሰው ንስሓ አራት ዓመት ይሁን ይላል።

ከዚያ ወደ ብልጦቹ ይመጣል። አብዶ ያስመሰለ፣ በመሠዊያው አጠገብ እንደ ሠዋ ሰው ያለፈ፣ በስሙ ጣዖት አምላኪ ጎረቤቱን የላከ፤ ለእነዚህ ስድስት ወር። ባሪያውን በእርሱ ፈንታ የላከስ? ጴጥሮስ ለባሪያው አንድ ዓመት፣ ለጌታው ሦስት ዓመት ይሰጣል። ባሪያው ጌታውን ፈርቶ ነው፣ ጌታው ግን የራሱን ነፍስ ሊያተርፍ ሌላውን ነፍስ ገፍቶ ጣለ፤ ጌቶች ደግሞ በሰማይ እነርሱም ጌታ እንዳላቸው ይወቁ ይላቸዋል። ለእኔ ለባሪያው ዓመቱም ይበዛበታል፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ምን ቀኖና ይሰጠዋል? ቢሆንም በዚያ ዘመን ከጌታና ከባሪያ በደለኛው ጌታው ነው ብሎ በቁጥር መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም።

ገንዘብ ከፍለው ያመለጡትን ጴጥሮስ አይወቅስም። ነፍሳቸውን ላለማጣት ገንዘባቸውን አጥተዋል፣ ለክርስቶስ ሲሉ ከስረዋል ይላል። በግድ የተሠዋባቸውን፣ አፋቸው ተለጉሞ፣ እጃቸው በእሳት እየተጠበሰ ዕጣን ያስያዟቸውን ደግሞ ከታማኞቹ ጋር ይቆጥራቸዋል። ካህናት ከሆኑም ከሹመታቸው አይወርዱም።

አሁን ደብዳቤው ራሱን ጸሐፊውን የሚነካ ነገር ላይ ይደርሳል፤ ስለ ሸሹት ሰዎች። «እርሱ ስለ ሸሸ ሌላው በእርሱ ፈንታ ተያዘ» የሚል ክስ በከተማው ይወራ እንደ ነበር መልሱ ያስረዳል። የኤፌሶን ሕዝብ በጳውሎስ ላይ ሲነሣ ጋይዮስና አርስጥሮኮስ ተይዘው ነበር፤ ጳውሎስ ግን አልተወቀሰም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ከወኅኒ ሲወጣ ጠባቂዎቹ ተገደሉ። ጌታ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ሲሰደድ የቤተ ልሔም ሕፃናት ታረዱ። ጳጳሱ ይህን ሁሉ የሚጽፈው ራሱ ከሹመት ከተማው ርቆ ተሸሽጎ ነው፤ አንባቢዎቹም ያውቃሉ። ክርክሩ የእርሱንም ነፍስ የሚመለከት በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከመጽሐፍ ያወጣቸው ምሳሌዎች ክሱን በእውነት የሚመልሱ ናቸው፤ ማስመሰያ አይደሉም።

ሳይጠሩ ራሳቸውን ለገዳይ ያቀረቡትንም በጥንቃቄ ነው የሚናገራቸው። ለክርስቶስ ስም ብለው ነውና አይወገዙም፤ ነገር ግን ጌታ «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ጸልዩ» ማለቱን ዘንግተዋል። በዚህ መንገድ ሄዶ የወደቀ ካህን ቢኖር፣ በኋላ ተመልሶ ቢጸና እንኳ ይቆርባል እንጂ አያገለግልም። መንጋውን ጥሎ ሄዷልና። መንጋ ጥሎ ስለ መሄድ ከመደበቂያው የሚጽፍ ጳጳስ! ልዩነቱ ለእርሱ ግልጽ ነበር፤ የተሸሸገ እረኛ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ጎብኚ ይልካል፣ ሹመት ይሰጣል፤ በግልቢያ ወደ ሞት የሄደ ግን ምንም አይተውም። ይህ ልዩነት ለሁሉም ግልጽ አልነበረም።

ሜሊጥዮስ

በላይ ግብፅ በዛሬዋ አስዩት የሊቆጶሊስ ጳጳስ የነበረው ሜሊጥዮስ በጉዳዩ ላይ ሌላ አቋም ያዘ። ከግብፅ ጳጳሳት ብዙዎቹ ታስረዋል፣ ሊቀ ጳጳሳቱ የለም፣ ሕዝቡ ካህን ያስፈልገዋል። ሜሊጥዮስ በሌሎች ጳጳሳት ሀገረ ስብከት እየገባ መሾም ጀመረ።

አራት የታሰሩ ጳጳሳት ሄሲክዮስ፣ ጳኩሚስ፣ ቴዎድሮስና ፊልያስ ከወኅኒ ሆነው ደብዳቤ ጻፉለት። የአባቶች ሕግ ማንም በሌላው ሀገረ ስብከት እንዳይሾም ይከለክላል፣ የታላቁን አባታችንን የጴጥሮስን ፈቃድ መጠበቅ ነበረብህ አሉት። ከአራቱ ፊልያስ የጥሙይስ ጳጳስ፣ ባለጠጋና የተማረ ሰው ነው። ገዥው ቁልቅያኖስ ሲመረምረው የጻፉት ቃለ ጉባኤ በፓፒረስ ተገኝቷል። ሀብትህ አገር ሙሉ ይመግባል፣ ሚስትህንና ልጆችህን አስብ እያለ ገዥው ራሱ ይለምነዋል። ጠበቆችና ዘመዶችም እግሩ ሥር ይወድቃሉ። ፊልያስ አልሰማቸውም፤ አንገቱ ተቀላ።

አራቱ ከተገደሉ በኋላ ሜሊጥዮስ ወደ እስክንድርያ ገባ። ኢሲዶሮስና አርዮስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ጴጥሮስ ድሆችን እንዲጎበኙ የሾማቸውን፣ ተሸሽገው የነበሩትን ካህናት አሳዩት። እርሱም ካህናቱን አውግዞ ሌሎች ሁለት ሾመ። አንዱ የተሾመው በወኅኒ ሲሆን ሁለተኛው በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጴጥሮስ ይህን ሲሰማ ለእስክንድርያ ምዕመናን አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ ከጠቢባን ጋር ሆኜ እስካገኘውና ያሰበውን እስካውቅ ድረስ ከእርሱ ጋር አንድነት አይኑራችሁ የሚል። እዚህ የተጠቀሰው አርዮስ በኋላ የታወቀው አርዮስ ይሁን ወይም ሌላ፣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈው ኤጲፋንዮስ ነገሩን በሌላ መልክ ያስቀምጠዋል። ጴጥሮስና ሜሊጥዮስ በአንድ እስር ቤት ሳሉ የወደቁትን በመቀበል ጉዳይ ተጣሉ። ጴጥሮስ መጎናጸፊያውን እንደ መጋረጃ ዘርግቶ «ከእኔ ጋር የሚስማማ ወደዚህ፣ ከሜሊጥዮስ ጋር የሚስማማ ወደዚያ» አለ፤ ብዙው ሰው ወደ ሜሊጥዮስ ሄደ። ሁለቱ በአንድ ወኅኒ መታሰራቸው ግን ያጠራጥራል፤ በዘመኑ የተጻፉት ደብዳቤዎች ጥሉ በሹመት ሥልጣን የተነሣ እንደ ሆነ ያሳያሉና። ሁለቱ ምክንያቶች ሊጣመሩ ይችላሉ፤ «ሊቀ ጳጳሳቱ ሸሽቷል» ብሎ ያመነ ሰው የወደቁትን በአርባ ቀን መመለሱንም በጥሩ ዓይን አያየውም። ስለ መጋረጃው ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተከፈለ ጨርቅ በዚህ ታሪክም አለ።

ሜሊጥዮስ በፍልስጥኤም ወደሚገኘው የፌኖ መዳብ ማዕድን ተላከ። ክርስቲያኖች አንድ ዓይናቸው እየወጣ፣ የግራ እግራቸው ጅማት እየተቃጠለ የሚላኩበት ቦታ ነው። ተከታዮቹ ቤተ ክርስቲያናቸውን «የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን» አሉ። ከስሙ በስተጀርባ ያለው ነቀፋ ግልጽ ነው፤ እኛ የጸኑት ነን፣ የእናንተ የሸሹት። ጉባኤ ኒቅያ በ325 ሊያስታርቃቸው ሞክሮ ነበር፣ አልተሳካም። ቡድኑ በግብፅ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ።

አሟሟቱ

ኤፕሪል 30 ቀን 311 ንጉሡ ጋሌርዮስ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ስደቱን የሚያስቆም አዋጅ አወጣ። የምሥራቁ ገዥ ማክሲሚኖስ ዳያ ስድስት ወር እንኳ አልታገሠም፣ ስደቱን መልሶ ጀመረ። ጴጥሮስ በድንገት ተያዘ፤ በኅዳር 29፣ በዩልዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 25፣ ተሠዋ። አውሳብዮስ ሁሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ ያለ ምንም ምክንያት ተያዘ፣ በማክሲሚኖስ ትእዛዝ ነው ተብሎ ሳይጠበቅ አንገቱ ተቀላ፣ ከእርሱም ጋር ሌሎች ብዙ የግብፅ ጳጳሳት። ስለ አርዮስ አንዲት ቃል የለም። ሐኪም ወይም ዳኛ እንደ ጻፈው ያለ ደረቅ ዘገባ ነው።

በዚያው ጊዜ አባ እንጦንስ ከበረሃ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በማዕድንና በወኅኒ ያሉትን ያገለግል ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አትናቴዎስ እንደሚለው፣ ጳጳሱ ጴጥሮስ ከተሠዋና ስደቱ ከበረደ በኋላ ወደ ገዳሙ ተመለሰ።

በግብፅና በእኛ ትውፊት ገዳዩ ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ ግን በ305 በፈቃዱ ከዙፋን ወርዶ ነበር። ስሕተቱ አይገርምም። ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን የዚያ ዘመን መከራ ሁሉ ስሙ ዲዮቅልጥያኖስ ነው፤ በባሕረ ሐሳባችን የምንቆጥረው ዓመተ ሰማዕታት እንኳ የሚነሣው እርሱ ከነገሠበት ከ284 ነው።

ገድሉ

ገድሉ የተጻፈው በግሪክ፣ በላቲን፣ በቅብጥ፣ በሶርያ፣ በዐረብ ቋንቋዎች ሲሆን ዝርዝሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ከሁሉ የሚያምረው የአሟሟቱ ታሪክ ነው።

ጳጳሱ መታሰሩን የሰማ ሕዝብ ወኅኒውን ከበበ። «በእኛ ላይ ሳትራመዱ አትገድሉትም» አለ። ወታደሮቹ በሕዝቡ ላይ ሰይፍ ሊመዙ ተዘጋጁ። ጴጥሮስ እልቂቱን አስቦ በምሥጢር ወደ አለቃቸው ላከ፤ በሌሊት በእስር ቤቱ ጀርባ ኑ፣ ግድግዳውን ከውስጥ አንኳኩቼ በማሳያችሁ ቦታ ብሱት አላቸው። በዚያች ሌሊት ኃይለኛ ዝናብና ነፋስ ስለ ነበረ በሩ ላይ ያደረው ሕዝብ የመዶሻውን ድምፅ አልሰማም። ጴጥሮስ በቀዳዳው ወጣ። ቅዱስ ማርቆስ ወደ ተሠዋበት ቡቆሉ ወደሚባለው ቦታ ወሰዱት። በማርቆስ መቃብር ላይ ደሙ የስደቱ ፍጻሜ እንዲሆን ጸለየ። በአቅራቢያው የምትኖር አንዲት ድንግል ከሰማይ «አሜን» የሚል ድምፅ ሰማች። ከወታደሮቹ ሊቀላው የደፈረ አልተገኘም፤ በመጨረሻ 25 ወርቅ አዋጥተው ለሚመታው መደቡ፣ አንዱም ወስዶ መታው።

ይህን ታሪክ ከ306ቱ ደብዳቤ ጋር አያይዞ ላነበበ ሰው የሚናገረው ብዙ ነው። በሕይወቱ የተከሰሰው «ሸሽቶ ሌሎችን አስገደለ» ተብሎ ነበር። በገድሉ ደግሞ ከእስር ቤት የሚሾልከው ሌሎች እንዳይሞቱበት ነው፤ ደብዳቤው ስለ ራሱ ሊለው ያልቻለውን ገድሉ ይልለታል። ማምለጫ የሚሆነው ቀዳዳ ወደ ሰይፍ ያወጣዋል። ይህን ያቀናበረው ሰው የሜሊጥዮስን ወገን ክስ የሚያውቅ ይመስለኛል። «ተፍጻሜተ ሰማዕት» የሚለው ማዕረግም በዚሁ መንፈስ ሊነበብ ይችላል። ታሪኩ በጥብቅ ከተመረመረ የመጨረሻው ሰማዕት አይደለም፤ ማክሲሚኖስ በ313 እስኪሞት ድረስ ሌሎች ተሠውተዋል። ነገር ግን ራሱን «የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን» ለሚለው ወገን ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም፤ የሰማዕታት መዝጊያ የእኛ ጳጳስ ነው።

ገድሉ ሌላም ድንቅ ይነግረናል። ከአንጾኪያ ሁለት ልጆቿን ልታስጠምቅ በመርከብ የመጣች ሴት ነበረች፤ ባሏ ሃይማኖቱን የካደ የጦር አለቃ ነው። በባሕር ማዕበል ሲነሣ ሳይጠመቁ እንዳይሞቱባት ፈርታ ጡቷን በጥታ በደሟ አጠመቀቻቸው። እስክንድርያ ደርሳ ጴጥሮስ ሊያጠምቃቸው ሲል ውኃው ረጋበት፤ ጌታ አስቀድሞ አጥምቋቸዋል አለ። አስከሬኑን በተመለከተም አንድ ታሪክ አለ። በሕይወቱ በመንበረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፣ ከመንበሩ ሥር ባለው የእግር መረገጫ ይቀመጥ ነበር፤ በመንበሩ ላይ ብርሃን ሲያድር ያይ ነበርና። ሲሞት ግን ሕዝቡ ልብሰ ጵጵስናውን አልብሶ በመንበሩ ላይ አስቀመጠው።

አርዮስስ? በ5ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሶዞሜን እንደሚለው፣ አርዮስ መጀመሪያ ወደ ሜሊጥዮስ አዘንብሎ ነበር። በኋላ ተመልሶ ጴጥሮስ ዲቁና ሰጠው፤ ጴጥሮስ የሜሊጥዮስን ተከታዮች ሲያወግዝ ግን ስለ ነቀፈው ተወገዘ፤ ቅስና የሾመው አኪላስ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ጴጥሮስ በአርዮስ ላይ ያለው ቅሬታ ስለ ሜሊጥዮስ ነበረ እንጂ ስለ ወልድ ባሕርይ አልነበረም። ከኒቅያ በኋላ ግን የእስክንድርያ ትልቁ ጠላት አርዮስ ሆነ። የውግዘቱን ምክንያት ከሹመት ጥል ወደ ሃይማኖት ማዛወር፣ ሰማዕቱንም ምስክር ማድረግ፣ ለተከታዮቹ ጳጳሳት ትልቅ ኃይል ሰጠ። የተቀደደው ልብስ ሥዕል በኋላ በሰርቢያና በአቶስ ተራራ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሣለ፤ ጳጳሱ ጎንበስ ብሎ፣ ሕፃኑ በመሠዊያ ላይ ቆሞ፣ ቀሚሱ ከአንገቱ እስከ ጫማው ተሰንጥቆ ይታያል።

የግዕዙ ብራና

ስለ ሜሊጥዮስ ጥል የሚነግሩን የዘመኑ ደብዳቤዎች ለረጅም ጊዜ የሚታወቁት በጣሊያን ቬሮና ከተማ ካለ አንድ የላቲን ብራና ብቻ ነበር። የግሪኩ ምንጭ ጠፍቷል። ሁለተኛው ምስክር የተገኘው በትግራይ፣ በዑራ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ካለ እጅግ ጥንታዊ የግዕዝ ብራና ነው። ሊቃውንት የአክሱም ስብስብ ይሉታል፤ ጽሑፎቹ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክ የተተረጎሙ ናቸው። ከውስጡ አንዱ የእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክ ነው። በግብፅ ከተሞች የተሾሙ ጳጳሳትን ስም ዝርዝርና የሜሊጥዮስን ጥል አጀማመር ይዟል።

ለምን ወደ አክሱም እንደ መጣ መገመት ይቻላል። የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማን የሾመው አትናቴዎስ ከጴጥሮስ በኋላ ሦስተኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚላከው ከመንበረ ማርቆስ ነበር። ሹመቷ ሁሉ ከእስክንድርያ ለሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን የማን ነው የሚለው የሜሊጥዮስ ጥል የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። በስንክሳር ግን የሚነበበው የአርዮስ ታሪክ ነው፤ የሜሊጥዮስን ታሪክ የሚሻ ሰው ከዑራ መስቀሉ ብራና መፈለግ አለበት።